የመምህሬን ፈተና እንዴት ልገምግም?

ይህ ደብዳቤ የመጣው ከደሴ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ። ሰውንና ተቋሙን የሚያስለዩ ነገሮችንም አውጥቻለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ፣ የአፈርና ውሃ ጥበቃ አስተምራለሁ። በቅርቡ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ያለ አንድ ትምህርት ክፍል ፈተናዎቹንና እርማቱን በውጭ ሰው ማስገምገም ፈልጎ የእኔ ስም ተላከለት። እኔም ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ። ፖስታው ሲደርሰኝ ግን ክው አልኩ። የኮርሱ መምህር የመጀመሪያ ዲግሪዬን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ አባቴ ሞተብኝ። ትምህርቴን ልተው ስል ለመሳፈሪያና ለደብተር ከደመወዛቸው እየሰጡ ያስጨረሱኝ እሳቸው ናቸው።

ፈተናውን አነበብኩት። ከ30ው የምርጫ ጥያቄ 22ቱ እኔ ራሴ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የተፈተንኳቸው ናቸው፣ ቃል በቃል። ሰባተኛውን ሳየው ምርጫዎቹን ሳላነብ መልሱ ትዝ አለኝ። ተጽፎ የሚመለስ አንድ ጥያቄ አለ፣ አሥር ነጥብ የሚያዝበት። ነጥቡ እንዴት እንደሚከፋፈል የሚያሳይ ማረሚያ የለውም። አሠራሩን በትክክል ጽፎ ማካፈሉ ላይ የተሳሳተ ልጅ ሁለት አግኝቷል። ከሃንድአውት የተሸመደደ ትርጉም ጽፎ ከሥሩ ቁጥር ያስቀመጠው ዘጠኝ አግኝቷል።

ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ደወልኩለት። ‹ኧረ ለፎርማሊቲ ነው፣ ኦዲት ሊመጣብን ስለሆነ ቶሎ ፈርመሽ ላኪልን› አለኝ። እንቅልፍ አጣሁ። እውነቱን ብጽፍ ያጎረሰኝን እጅ ነከስኩ። ዝም ብል ደግሞ እነዚያ ልጆች አሉ። ምን ላድርግ? ይሉኝታ የያዛት፣ ከደሴ።»

እህቴ፣ አብሽሪ። እንቅልፍ ማጣትሽን ስሰማ አዘንኩ፣ ግን ደስም አለኝ። እንዲህ ያለ ፖስታ ተቀብሎ በአሥር ደቂቃ ፈርሞ የሚመልስ ስንት ሰው አለ መሰለሽ። አንቺ ጥያቄዎቹን ቆጥረሻል፣ የሁለቱን ልጆች ወረቀትም ጎን ለጎን አስቀምጠሽ አይተሻል። ግማሹን ሥራ ሠርተሽዋል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ይቀድማል። የኮርሱ መምህር ያስተማሩሽ ሰው መሆናቸውን ፖስታውን ለላከልሽ ትምህርት ክፍል በጽሑፍ አሳውቂ። በስልክ አይበቃም። ሁለት መስመር ነው፦ «የዚህ ኮርስ መምህር የመጀመሪያ ዲግሪ መምህሬ ነበሩ፣ በግልም ውለታ አለብኝ። ይህን አውቃችሁ እንድቀጥል ከፈለጋችሁ እቀጥላለሁ፣ ሌላ ሰው ከመረጣችሁም እመልሳለሁ።» አለቀ። ሌላ ሰው እንፈልጋለን ካሉ ፖስታውን እንዳለ መልሺ፣ ያየሽውንም ለማንም አታውሪ። ቀጥይ ካሉሽ ደግሞ ሁለተኛ አንባቢ ከጎንሽ እንዲጨመር ጠይቂ። የአገራችን የዘርፉ ሰዎች ስንት ናቸው? ሁሉም ወይ አስተማሪሽ ነው፣ ወይ ተማሪሽ፣ ወይ ወርቅሾፕ ላይ አብሮሽ ያደረ ሰው። ስለዚህ ዝምድና የሌለበት ገምጋሚ ይገኝ ብንል ሥራው በአገሩ አይሠራም። ዝምድናው መደበቅ ግን የለበትም። ተደብቆ ቆይቶ ኋላ ከወጣ ጥሩ የጻፍሽውም ይጠረጠራል፣ ነቅፈሽ የጻፍሽውም ይጠረጠራል።

አሁን ወደ ይሉኝታው ልግባ፣ የከበደሽ እሱ ነውና።

እኛ ወሎዬዎች ከውጭ ሰው ፊት ቆሞ መታየት ምን እንደሆነ እናውቃለን። የአብነት ትምህርቱን አስቢ። ድጓ የሚባለውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ የተማረ ሰው ከመምህሩ ጋር ዓመታት ቆይቶ ሲጨርስ «ተማርኩ» ብሎ ብቻ አይቀመጥም። ጎንደር ወዳለው የድጓ ምስክር ቤት፣ ወደ ቤተልሔም፣ ሄዶ ያስመሰክራል። ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ዙር አባ ወደሚባለው ምስክር ቤት ይወጣል። ከቅዳሴው ምስክር ቤቶች አንዱ ደግሞ ሰለልኩላ ነው፣ እዚሁ ወሎ። ሌላ ቤት ያሉ መምህራን ሰምተው «አዎ፣ ይህ ሰው ያውቃል» ካላሉ አስመሰከረ አይባልም። በሙስሊሙም በኩል ደረሳው፣ ማለትም ተማሪው፣ ኪታቡን ሸሁ ፊት አንብቦ ነው ኢጃዛ የሚባለውን የማስተማር ፈቃድ የሚቀበለው። ተማሪው ለምስክር ሲሄድ የመጀመሪያው መምህር ተናቅሁ አይልም። ተማሪው ሲያስመሰክር መምህሩም አብሮ ይከበራል። አንቺ የተጠየቅሽው ምስክርነት ነው። ምስክር ደግሞ ያላየውን አይቻለሁ፣ ያየውንም አላየሁም አይልም።

ዘመናዊው ትምህርትም ይህን ያወቀው ቆይቷል። የእንግሊዙ ደርሃም ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1832 ሲቋቋም አዲስ ስለነበር ዲግሪውን ማን ያምነዋል የሚል ጥያቄ ነበረበት። ስለዚህ ፈታኞችን ከኦክስፎርድ አመጣ። ዛሬ በእንግሊዝ የውጭ ፈታኝ የሌለው የዲግሪ ፕሮግራም ማግኘት ይከብዳል። አውስትራሊያ ውስጥም ዩኒቨርሲቲዎች የታረሙ የተማሪ ወረቀቶችን ስም እያጠፉ እርስ በርስ ይለዋወጣሉ። እኛም ጋ ኤክስተርናል፣ ማለትም የውጭ ፈታኝ፣ የሚለው ቃል እንግዳ አይደለም። የማስተርስ ዲፌንስ ያለ ኤክስተርናል አይካሄድም። የሕክምና ተማሪዎች ሊመረቁ ሲሉም ከውጭ የመጣ ፈታኝ ይቀመጥባቸዋል። የመጀመሪያ ዲግሪ ፋይናል ግን መምህሩ ያወጣዋል፣ መምህሩ ያርመዋል፣ ወረቀቱም ካዝና ይገባል። ሌላ ዓይን ሳያየው ይቀራል። ወሎ፣ ወልድያና መቅደላ አምባ የሚባሉ ሦስት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ባሉበት አካባቢያችን መምህራን አንዱ የሌላውን ፈተና ቢያዩ መንገዱ የአንድ ቀን ነው። ለዚህ ነው ይህ የተጀመረው ነገር በፎርማሊቲ እንዳይሞት የምፈልገው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ብዙ ሰው የማያውቅብኝ ነው።

የመውጫ ፈተና ከመምጣቱ በፊት ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ለእንዲህ ያለ ሥራ ጠራኝ። ጠዋት ደረስኩ። ቡና ተፈላ። ጓደኞቼ ናቸው፣ ተሳሳቅን። ምሳ ጋበዙኝ፣ ጥብሱም ጥሩ ነበር። ከሰዓት ወረቀቶቹን አወጡልኝ። እርማቱ ላይ ማረሚያ የሚባል ነገር አልነበረም። የአንድ ኮርስ ፈተና ከዓመት ዓመት ተቀድቷል። አየሁት። «ትንሽ ብታስተካክሉት» አልኩ፣ በአፌ። ፎርሙ ላይ ግን «አጥጋቢ ነው» ብዬ ፈረምኩ። አበሌን ተቀበልኩና መጣሁ።

ከዚያ በ2015 የመውጫ ፈተናው ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሆነ። ከመቶ 50 ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም። በመጀመሪያው ዙር በአገር ደረጃ ያለፈው 40 ከመቶ ገደማ ነበር፣ ታስታውሻለሽ። አንድ ቀን ደሴ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቤት ተቀምጬ አንድ ልጅ ሰላም አለኝ። እዚያ ትምህርት ክፍል የተማረ ልጅ ነው። ሁለቴ ተፈትኖ አላለፈም። ስንጫወት ያንን እኔ ያየሁትን ኮርስ ስሙን ጠራው። «እሱ ላይ እኮ ኤ ነበረኝ ጋሼ» አለኝ። ዝም አልኩ። ሻዩን ያማስላል፣ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። «ታዲያ ኤው ምን ነበር?» አለኝ።

እንደ ክስ አልነበረም። ከልቡ አላወቀውም፣ እንድነግረው ነው የጠየቀኝ። እኔ ግን የፈረምኩ ሰው ነኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

ስለዚህ እህቴ፣ ይሉኝታሽን አልንቀውም፣ በሱ ያለፍኩ ነኝና። ግን የምታከብሪያቸው ሰው ለአንቺ ያደረጉት ምን ነበር? አንዲት ተማሪ ሜዳ ላይ እንዳትቀር ከደመወዛቸው ሰጡ። አሁን ፖስታው ውስጥ ያሉት ልጆችም ተማሪዎቻቸው ናቸው። ውለታቸውን የምትመልሺው ለእነዚያ ልጆች ነው።

በይ አሁን ወደ ሥራው።

ከትምህርት ክፍሉ አራት ነገር ሊደርስሽ ይገባል። የኮርሱ አውትላይን፣ የፈተናው ጥያቄ፣ ማረሚያው፣ እና የታረሙ ወረቀቶች። ወረቀቶቹ ስማቸው ተሸፍኖ በኮድ ይሁኑ። ኤ ያገኙት ብቻ ከተላኩልሽ አይሆንም። ከኤም፣ ከሲም፣ ከወደቁትም፣ በተለይ ደግሞ ለማለፍ አንድና ሁለት ነጥብ ከጎደላቸው ይምጣ። ያ ድንበር ላይ ነው እርማት የሚፈተነው። አንድ ነጥብ ልጁን ዓመት የምታስደግምበት ቦታ ነው። የተላከልሽን ማን እንደመረጠውም ጠይቂ። አንቺ ከዝርዝሩ ላይ ኮድ ብትመርጪ ይሻላል።

ከዚያ አውትላይኑን አንሺና የኮርሱን ዓላማዎች አንብቢ። የእናንተ ዘርፍ ስለሆነ እኔ በግምት ልናገር። «ተማሪው በተሰጠ ተዳፋት ላይ እርከን ነድፎ መቀየስ ይችላል» የሚል አንድ መስመር ሳይኖር አይቀርም። አንድ ነጭ ወረቀት ወስደሽ መሐሉን አስምሪ። በግራ ዓላማዎቹን ጻፊ። በቀኝ የትኛው ጥያቄ የትኛውን ዓላማ እንደሚለካ፣ ነጥቡስ ስንት እንደሆነ። ደምሪው። ፋይናሉ ከ40 ከሆነና 30ው ነጥብ «ከሚከተሉት የአፈር መሸርሸር ዓይነት ያልሆነው የቱ ነው» ዓይነት ከሆነ፣ ተማሪው አንድም እርከን ሳይቀይስ ኮርሱን አልፎ ይወጣል። ይህ የአንቺ አስተያየት አይደለም። ድምር ነው። ማንም ቢቀመጥ ያው ቁጥር ይመጣለታል። ስለዚህ ሪፖርትሽ በዚህ ሠንጠረዥ ይጀምር። ኃይለ ቃል አያስፈልግሽም።

አሁን ያንን ባለ አሥር ነጥብ ጥያቄ እንየው። እንደላክሽልኝ ከሆነ እንዲህ ነው፦ ተዳፋቱ 15 ከመቶ የሆነ ማሳ አለ። በሁለት እርከን መካከል የሚፈቀደው የከፍታ ልዩነት 1.5 ሜትር ነው። በእርከኖቹ መካከል ያለው አግድም ርቀት ስንት ይሁን? ሠርተህ አሳይ፣ ምክንያትህንም ግለጽ።

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ይህን ለመምህርሽ ጻፊላቸው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርጂ በሚኒባሱ መስኮት የምታይው ነገር ነው የተጠየቀው። 15 ከመቶ ማለት በየ100 ሜትሩ 15 ሜትር መውረድ ነው። 1.5 ለመውረድ 10 ሜትር ይበቃል። መልሱ 10 ሜትር።

የመጀመሪያው ልጅ ቁልቁለቱን ሣለ። ከፍታውን በተዳፋቱ ማካፈል እንዳለበት ጻፈ። ለምን እንደሆነም በሁለት መስመር አስረዳ። ሲያካፍል ግን የአስርዮሿን ነጥብ አሳስቶ 100 ሜትር አለ። ሁለት ተሰጠው። ሁለተኛው ልጅ «እርከን ማለት የአፈር መሸርሸርን ለመከላከል…» ብሎ አምስት መስመር ትርጉም ጻፈና ከታች «10 ሜትር» አለ። ከየት እንዳመጣው አይታወቅም። ዘጠኝ ተሰጠው።

ማረሚያ ቢኖር ምን ይሆን ነበር? ለሥዕሉ ሁለት፣ ለአሠራሩ አራት፣ ለምክንያቱ ሁለት፣ ለመጨረሻው መልስ ሁለት እንበል። የመጀመሪያው ልጅ የመልሱን ሁለት ያጣል። ከምክንያቱም አንድ ቢቀነስበት እስማማለሁ። 100 ሜትር ማለት በሁለት እርከን መሐል 15 ሜትር ቁልቁለት መተው ነው፣ የነሐሴ ጎርፍ ጠራርጎ ይወስደዋል። የገበሬ ማሳ ላይ የሚሄድ ባለሙያ ቁጥሩ እንግዳ መሆኑ ሊታየው ይገባ ነበር። ሰባት ያገኛል። ሁለተኛው የመልሱን ሁለት ይወስዳል። ትርጉሙን ለምክንያት ብንቆጥርለት እንኳ አንድ ይጨመርለታል። ሦስት። ሁለትና ዘጠኝ የነበሩት ሰባትና ሦስት ሆኑ ማለት ነው።

መምህርሽ ክፉ ስለሆኑ አይደለም እንዲህ የሆነው። የ150 ልጅ ወረቀት ሌሊት በአምፖል የሚያርም ሰው ዓይኑ መጨረሻው መልስ ላይ ያርፋል። እኔም እንዲሁ አርሜ አውቃለሁ። ማረሚያ የሚጻፈው ለዚህ ነው፣ ለደከመ ሰው። መፍትሔውም ቀላል ነው። ጥያቄው ሲወጣ ማረሚያው አብሮ ይውጣ። እርማት ከመጀመሩ በፊት ሁለት መምህራን አንድ ዓይነት አምስት ወረቀት ለየብቻ ይረሙ። ነጥቡ ሲለያይ ቁጭ ብለው ለምን እንደተለያየ ይነጋገሩ። ከዚያ የቀረውን መካፈል ይችላሉ። ግማሽ ቀን አይፈጅም። በዚያ ግማሽ ቀን ውስጥ ስለ ፈተና የሚማሩት ከብዙ ወርቅሾፕ ይበልጣል።

የተደጋገሙት 22 ጥያቄዎች ጉዳይ ከባዱ ነው። ተማሪ ቤት የቆየ ፈተና እንዴት እንደሚዞር አንቺም ታውቂዋለሽ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጋ ይሸጣል፣ ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ያ ፈተና የሚለካው ወረቀቱን ማን እንዳገኘ ነው። ዶርም ውስጥ ሲኒየር ወዳጅ ያለው ያልፋል፣ የሌለው ይቸገራል። ይህን በግልጽ ጻፊ። «ከ30 ጥያቄ 22ቱ ከቀድሞ ዓመት ፈተና ጋር አንድ ናቸው» በቂ ነው። እንዴት አወቅሽ ቢሉሽ እውነቱን ንገሪ፦ እኔ ራሴ ተፈትኛቸዋለሁ። ዝምድናሽን በጽሑፍ ስላሳወቅሽ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

አንድ ነገር ግን እንዳታልፊ። ሪፖርትሽ ላይ «ለምን ተግባራዊ ምዘና የለም?» ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት ምን እንዳላቸው ጠይቂ። በ2014ቱ ጦርነት የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች ምን እንደደረሰባቸው ታውቂያለሽ። ላቦራቶሪ ተዘርፏል፣ ዕቃ ወድሟል። አንቺ የምትገመግሚው ትምህርት ክፍል የት እንዳለ አልነገርሽኝም፣ መጠየቅም አልፈልግም። በዚያ ጊዜ ዕቃው ያለቀበት መምህር ሜዳ መውጣቱን ትቶ ወደ ምርጫ ጥያቄ ቢዞር አይገርምም። ዕቃ የሌለው ሰው የቻለውን ነው ያደረገው። ይህን ሪፖርቱ ላይ አስፍሪው። «የመለኪያ ዕቃ ስለሌለ የኮርሱ ዋና ዓላማ እየተለካ አይደለም» የሚል ከውጭ ሰው የመጣ ዓረፍተ ነገር ዲኑ በጀት ሲጠይቅ የሚይዘው ወረቀት ይሆናል። መምህርሽ ለብቻቸው አሥር ጊዜ ቢጽፉት ላይሰማ ይችላል።

እስከዚያው ደግሞ ዕቃ ሳይገዛ የሚሆነውን ጠቁሚ። የልማት ጣቢያ ሠራተኞቻችን ተዳፋት የሚለኩት በምን ነው? እኩል ምልክት ባላቸው ሁለት እንጨቶች፣ በ10 ሜትር ገመድና ገመዱ መሐል በምትንጠለጠል ትንሽ የውሃ ልክ። አንዱ ልጅ ከላይ ይቆማል፣ ሌላው ከታች። ገመዱ እስኪስተካከል የላይኛው ጫፍ ዝቅ ይላል። የወረደውን ሲለኩት 1.5 ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 15 ከመቶ ነው። ግቢ ውስጥ ካለ ማንኛውም ቁልቁለት ላይ ይሠራል፣ ወሎ ደግሞ ቁልቁለት አጥቶ አያውቅም። ሦስት ሦስት ሆነው ቀይሰው ለየብቻ የአንድ ገጽ ሪፖርት ቢጽፉ 20 ነጥብ ሊያዝበት ይችላል። ለየብቻ ያልኩሽ ሆን ብዬ ነው። በቡድን ሥራ አንዱ ሠርቶ አምስቱ ሲያገኙ አይተናል።

ስለ ኃላፊው። «ለፎርማሊቲ ነው» ሲልሽ ምናልባት ተጨንቆ ነው። ግን የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሰዎች ቢመጡ «ሁሉም ጥሩ ነው» የሚል ወረቀትና ማረሚያ የሌለው የፈተና ክምር አንድ ፋይል ውስጥ ማግኘታቸው አይጠቅመውም። «ይህ ጉድለት ተገኘ፣ ይህን አስተካከልን» የሚል ፋይል ይጠቅመዋል። በዚህ ቋንቋ ንገሪው፣ ይገባዋል። ካልገባውም ፊርማሽ ያንቺ ነው። ሪፖርቱ ላይ ካንቺ እውቅና ውጭ ቃል እንዳይቀየር ኮፒ ለራስሽ አስቀሪ።

አጻጻፍሽ ላይ አንድ ሁለት ነገር። ሰውን አትጥሪ፣ ወረቀቱን ጥሪ። «መምህሩ ጥያቄ ይደጋግማሉ» ከማለት «ፈተናው 22 የተደጋገሙ ጥያቄዎች አሉት» ይሻላል። «እርማቱ አድልዎ አለበት» አትበዪ፣ አድልዎ መኖሩን አላየሽም። ያየሽው ተመሳሳይ ያልሆነ አሰጣጥ ነው፣ እሱን በኮድ ቁጥር ጻፊ። ጥሩውንም ጻፊ፣ ለማባበል ሳይሆን ስላለ። ያ የተዳፋት ጥያቄ ጥሩ ነው። እንደሱ ያለ ሦስት ቢኖር ኖሮ ይህን ሁሉ አንነጋገርም ነበር። ቃላትሽም አይድበስበሱ። «በአመዛኙ አበረታች ሆኖ መጠነኛ ክፍተቶች ይስተዋላሉ» የሚል የስብሰባ ቋንቋ አለ፣ አንብቦ ምን እንደሚያስተካክል የሚያውቅ ሰው የለም። እኔ «አጥጋቢ ነው» ያልኩት በዚያ ቋንቋ ነበር።

ለመምህርሽ መቼ ትንገሪያቸው? ሪፖርቱ ከመግባቱ በፊት አትደውዪላቸው። አንቺንም እሳቸውንም ያስጨንቃል፣ እሳቸው «ተዪው» ባይሉሽ እንኳ ድምፃቸውን ሰምተሽ እጅሽ ይታሰራል። ከገባ በኋላ ግን ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙት። አንቺው ሂጂ። ቤታቸው ሂጂ፣ ቡና ይዘሽ። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት» በዪ። መጀመሪያ ሊከፋቸው ይችላል፣ ይክፋቸው። ፊታቸው ቢጠቁር ለማስተባበል አትቸኩዪ፣ አቦሉን ጠጥታችሁ ቶናው እስኪደርስ ጠብቂ። ከዚያ አዲስ ጥያቄ አብሬዎት ላውጣ በያቸው። ማረሚያውን አብረን እንጻፍ፣ የእኔንም ፈተና ይዩልኝ በያቸው። ይህን የመጨረሻውን አትርሺ። ያንቺም ፈተና በሌላ ዓይን ቢታይ ስንት ነገር ይወጣበት ይሆን? የቀድሞ ተማሪው ፈተናዋን ይዛ ስትመጣ የማይደሰት መምህር አላውቅም።

አንድ ነገር ይቀራል። ገምጋሚ ነጥብ አይቀይርም። ያንቺ ሥራ መጠቆም ነው፣ እንደገና ማረም የትምህርት ክፍሉ ሥልጣን ነው። ስለዚህ የዚያ 100 ሜትር ብሎ የጻፈው ልጅ ኮድ ሪፖርቱ ውስጥ ተሰውሮ እንዳይቀር። ለብቻው መስመር ስጪው፦ «ይህ ወረቀት በሁለተኛ መምህር እንደገና እንዲታረም እጠይቃለሁ።» እንደሱ የሆኑ ሌሎች ወረቀቶች ካሉም ኮዳቸውን ከሥሩ ደርድሪ። ግሬዱ ወደ ሬጅስትራር ገብቶ ከሆነ ጊዜ የለሽም፣ ይህችን ገጽ ከሙሉ ሪፖርቱ ቀድመሽ ዛሬውኑ ላኪያት።